ማንሳት ሌላ፣ መያዝ ሌላ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ከሊፍት የወደቀችው ሞተር

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት ቦክሰር ሞተር ከቤት ጋራዥ ሊፍት ላይ ተገለበጠች። የሞተ ሰው የለም። አንድ ልጅ ቅልጥሙን ተመታ። የግራው ስፖኪዮ ተሰበረ፣ የፍሪሲዮኑ እጀታ ተጣመመ፣ ታንከሩ ጎደጎደ፣ ቤንዚን ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ «እግዜር አተረፈ» ተብሎ ይታለፋል። ሥራዬ ሞተር መጠገን ስለሆነ ባለቤቱ ጠራኝ። «እስቲ ና ሊፍቱን እይልኝ፤ የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጡልኝ» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ሊፍቱ ጤነኛ ነው። የሆነውን የምጽፈው በፈቃዱ ነው፤ ስሙን ግን አልጠቅስም። ማርቆስ ውስጥ ስም ከጠራህ ሰፈሩንም ጠራህ ማለት ነው።

ሞተሯና ሊፍቱ

ሰውየው የግብርና ባለሙያ ነው። በጎዛምን ወረዳ ቀበሌዎች እየዞረ ይሠራል። ያ መንገድ በሐምሌ ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል። ጭቃው ጎማውና ፓራፋንጎው መሃል ይገባና ጎማውን ያስረዋል። ወርደህ በእንጨት ትፈቀፍቃለህ። ትንሽ ትሄዳለህ፣ ደግሞ ትወርዳለህ። በዚህ መንገድ ካቴና አይበረክትም። ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ ከቅባቱ ጋር ተቀላቅሎ ካቴናውንም፣ ካቴናው የሚዞርባቸውን ጥርሶችም ይሞርዳቸዋል። የእሱም ካቴና ረግቦ ጥርስ መዝለል ጀምሮ ነበር። አዲስ ካቴና ከነጥርሶቹ ገዛ። እዚህ ላይ ትክክል ነው፤ አዲስ ካቴና ባረጀ ጥርስ ላይ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው።

የኋላውን ጥርስ ለመቀየር ጎማው መውጣት አለበት። በደህናው ጊዜ ይሄ ሥራ ሊፍት አይፈልግም። ሞተሯን በመሃል መቆሚያዋ ታቆማታለህ፣ የኋላው ጎማ ከመሬት ይለቃል፣ ታወጣዋለህ። የእሱ ሞተር ግን የመሃል መቆሚያ የላትም። ድንጋይ እየነካ አስቸገረኝ ብሎ አስቆርጦታል። ገጠር የሚሠራ ሞተረኛ እንዲህ ሲያደርግ ብዙ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ጎማ ማውጣት በፈለገ ቁጥር ከሥሯ ድንጋይ ይከት ነበር።

በዚህ ሲማረር አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ ሊፍት ገዝቶ በአይሱዙ ላከለት። ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ማርቆስ ገባ። ዓይነቱ እግሮቹ እንደ መቀስ የሚጠላለፉት ነው። ላይ ጎማ የለበሱ ሁለት የብረት ክንዶች አሉት፤ የሞተሯ ሆድ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። አንዱን ፔዳል ደጋግመህ ስትረግጥ ኦሊዮው ገፍቶ ያነሳል። ሌላውን ስትረግጥ ይወርዳል። ከታች ትናንሽ ጎማዎች አሉት። በተጨማሪም ሦስት ነገሮች አሉት፤ ጉዳዩ በእነሱ ላይ ስለሚዞር ያዙልኝ። አንደኛው፣ ሊፍቱ ራሱ ላይ ባሉ ጥርሶች ላይ የሚቀመጥ የብረት መቆለፊያ ነው። ሁለተኛው በጎንና በጎን ማሰሪያ የሚያያዝባቸው ቀለበቶች ናቸው። ሦስተኛው ማዕዘኖቹ ላይ ወደ ወለሉ የሚጠብቁ ቡሎኖች ናቸው፤ ሊፍቱ እንዳይንከባለል።

ጎኑ ላይ «500 ኪሎ» የሚል ተለጥፎበታል። ያቺ ጽሑፍ ናት ያዘናጋችው። ቦክሰር ዘይትና ቤንዚን ይዛ 120 ኪሎ አካባቢ ናት። ሰውየው ሒሳቡን ሠራ፤ ሊፍቱ አራት እጥፍ ይችላታል። እንግዲህ ምን ያሰጋል?

ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነገር ነው። ሸክሙ መሃል ላይ ከተቀመጠ፣ ወለሉም ጠንካራና ለጥ ያለ ከሆነ ይህን ያህል ወደ ላይ እገፋለሁ ነው የሚለው። አትገለበጥም አላለም። እንዲያውም ሞተር በቀለለ ቁጥር ሊፍት ላይ መገልበጧ ይቀላል። ጎበዝ ሰው በሁለት እጁ ወደ ላይ ሲጎትት 40 ኪሎ አያቅተውም። 300 ኪሎ በምትመዝን ትልቅ ሞተር ላይ ይህ ጉልበት ብዙም አይታወቅም። በቦክሰር ላይ ግን የክብደቷ ሲሶ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ጋራዥ የሚለው ከግቢው በር አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግማሽ ወለሏ ሊሾ ነው፣ ግማሹ የተደለደለ አፈር። ውኃ እንዲወጣ ተብሎ ሊሾው ወደ በሩ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። መብራት ስለሌለ በስልክ መብራት ነው የሚሠሩት። በዝናቡ ምክንያት የሰውየው እናትም የቡናውን ምድጃ እዚያው በሩ አጠገብ አስገብተዋል። ይሄን ጭራሽ ማንም እንደ ጉዳይ አልቆጠረውም። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና መፈላቱ ምን ይገርማል?

ረዳቱ የእህቱ ልጅ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ይማራል። ሰውየው ሊፍቱን ከሆዷ ሥር አስገባ። ጭቃውን አላጠበም፤ ከመንገድ እንደገባች ናት። ፔዳሉን ረገጠ፣ ጎማዎቹ ከመሬት ለቀቁ። በደንብ እንዲያይ ብሎ እስከ ወገቡ ድረስ አነሳት። ማሰሪያ አላሰረም። ልጁን በግራ በኩል አቁሞ መሪውን አስያዘው።

«ያዛት፤ እንዳትለቃት።»

«ይዣለሁ ጋሼ።»

የኋላው ጎማ ዳዶ በቀኝ በኩል ነው። ዝጓል። መፍቻው አልበቃ ሲለው ቱቦ አጠለቀበትና ወደ ላይ መጎተት ጀመረ። የሚሆነውን አስቡት። ሞተሯን በቀኝ ጎኗ ወደ ላይ ትጎትታታለህ፤ እሷም ወደ ግራ ታዘነብላለች። ግራው ላይ ደግሞ ልጁ አለ።

«ጋሼ፣ እየተንቀሳቀሰች ነው» አለ ልጁ።

«አትልቀቃት አልኩህ!»

ከዚያ ዳዶው ለቀቀ። የዛገ ዳዶ ቀስ ብሎ አይለቅም፤ ቋ ብሎ በአንድ ጊዜ ነው። ቱቦው ላይ የነበረው ጉልበት ድንገት ጠፋ። ከክንዱ ከፍ ብሎ የነበረው ቀኝ ጎኗ ተመልሶ ወደቀ። በንዝረቱ ሊፍቱ ተንከባለለና አንዱ ጎማው ከሊሾው አፈሩ ላይ ወረደ። ሞተሯ ወደ ግራ ሄደች። ልጁ ለቆ መሸሽ ሲገባው በደረቱ ሊይዛት ሞከረ። የእግር መርገጫዋ ቅልጥሙን መታው።

ሞተር በጎኗ ስትተኛ ካርቡሬተሯ ቤንዚን ያፈሳል። ከታንከሩ ክዳንም ይንጠባጠባል። ወለሉ ወደ በሩ ያዘነበለ ነው ብያለሁ፤ ምድጃው ያለው በሩ ጋ ነው። «ልጄን! እግሩን እዩለት!» እያሉ የጮኹት እናቱ ሽታው ሲደርሳቸው ምድጃውን ከነከሰሉ አንስተው ዝናቡ ላይ ወረወሩት። ጀበናውም አብሮ ሄደ። ከዚያ ቀን ነገር ሁሉ በትክክል የተሠራው ይሄ ነው።

የልጁ እግር አበጠ። ራጅ ተነሣ፤ አጥንቱ አልተነካም።

ሊፍቱ ምን ይላል

እኔ ስደርስ ሊፍቱ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ጥግ ላይ ተጥሎ ነበር። ማንም አልነካውም፤ ይሄ ለእኔ ጥሩ ሆነልኝ። ዕቃ ያየውን አይደብቅም።

መጀመሪያ ያየሁት የመቆለፊያውን ጥርሶች ነው። ቀለማቸው እንዳለ ነው። ብረት ብረት ላይ አንድ ቀን እንኳ ክብደት ይዞ ቢያርፍ ቀለሙ ይላጣል። ስለዚህ መቆለፊያው ከመጣ ጀምሮ ሸክም አርፎበት አያውቅም። ሰውየውን ስጠይቀው «እሱ ደግሞ ለምንድን ነው? ኦሊዮው ይይዛታል እኮ» አለኝ። ማሰሪያዎቹን ፈለግሁ፤ ካርቶኑ ውስጥ ከነፌስታላቸው ናቸው። የማዕዘን ቡሎኖቹም እስከ ላይ እንደተፈቱ ናቸው። ለመንገድ እንዳይነቃነቅ የታሰረበት መስሎት ነበር።

ቀጥዬ ክንዶቹን በስልክ መብራት አየሁ። የቀኙ ክንድ ጎማ ንጹሕ ነው። የግራው ላይ ግን የደረቀ የጎዛምን ጭቃ ተጋግሮበታል፤ የሻንሲው ቧንቧ ቅርጽ በደንብ ታትሞበታል። ጠርዙ ተሰንጥቆ ተፈርፍሯል። ጣቴን ሳሳርፍበት ዱቄት ሆነ። ማለትም ሞተሯ በቀኝ በኩል ጎማ ላይ፣ በግራ በኩል ጭቃ ላይ ነበር የቆመችው። የደረቀ ጭቃ ዝም ብሎ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲያነቃንቁት ይፈረፈራል።

ሰውየው ግን አሁንም ጥፋቱን በሊፍቱ ላይ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ አንድ ነገር አደረግሁ። ሞተሯን ጎማዎቿ መሬት እስኪለቁ ብቻ አንስቼ፣ በሁለት በኩል አስሬ፣ መቆለፊያውን ሳላስገባ አሳደርኳት። ጠዋት ሲታይ ሁለት ጣት ያህል ወርዳለች።

«አየህ! አላልኩህም?» አለ።

ይሄን ነጥብ ረጋ ብዬ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኦሊዮ የሚያነሳ ዕቃ ሁሉ በጊዜ ብዛት ትንሽ ይወርዳል። ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ግፊቱን ለዘላለም አይይዝም። ሠሪዎቹ ይሄን ስለሚያውቁ ነው መቆለፊያ ያደረጉለት። ኦሊዮው ያነሳል፤ የሚይዘው መቆለፊያው ነው፤ እንዳትገለበጥ የሚያደርጋት ማሰሪያው ነው። ሦስት ሥራ፣ ሦስት ዕቃ። እሱ ሦስቱንም ሥራ ለኦሊዮው ብቻ ሰጠው። የጎደለውን ደግሞ በስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሞላው።

ያም ሆኖ ያን ቀን የገለበጣት የኦሊዮው መውረድ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሁለት ጣት የሚወርድ ዕቃ በዓይን ቅጽበት ሞተር አይጥልም። በእኔ ግምት ዋናው ጥፋት የዛገውን ዳዶ አየር ላይ ለመፍታት መሞከሩ ነው። ጭቃውና የወለሉ ጠርዝ ያገዙ ናቸው። ማሰሪያው ቢኖር ጭቃውም ጠርዙም ባልጣሏት ነበር። ዳዶው መሬት ላይ ተፈትቶ ቢሆን ደግሞ ማሰሪያም ሳይኖር ምናልባት ትተርፍ ነበር። ምናልባት ነው ያልኩት።

ጎረቤት የሆነ አንድ ሰው ደግሞ «ከወረደ የፍሬን ዘይት ጨምርበት» ብሎት ነበር። ደግነቱ አልጨመረም። የፍሬን ዘይት ለዚህ ዓይነቱ ፓምፕ የተሠሩትን የጎማ ቀለበቶች አሳብጦ ያበላሻቸዋል። የሚጨመረው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው።

ሥራው ሲደገም

በሚቀጥለው ሳምንት ካቴናውን አብረን ቀየርነው። ልጁም ነበር፤ የቆመው ግን በሩ ውጭ ነው።

ቀድመን ሆዷን በውኃና በብሩሽ አጠብን። ክንዶቹ የሚያርፉባቸው ቦታዎች ብረቱ እስኪታይ ድረስ። የእነዚህ ሞተሮች ሆድ ለጥ ያለ አይደለም። የማርሚታው ቱቦ በአንድ ጎን ያልፋል፤ መሃል ላይ የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ወጣ ብሎ ይገኛል። ክንዱ ቱቦው ወይም ቡሎኑ ላይ ካረፈ አንዱን ታጎብጣለህ ወይም ሞተሯን ዘንበል አድርገህ ታነሳለህ። እኛ የማርሚታው ጎን ዝቅ ስላለ በሌላው ጎን የባሕር ዛፍ ጣውላ ቁራጭ አስገብተን አስተካከልን። ጣውላው ከክንዱ ጋር በሽቦ ታስሯል። እንዲሁ የተቀመጠ ጣውላ ሲነዝር ይሸሻል።

ሊፍቱን ሙሉ በሙሉ ሊሾው ላይ አደረግነው። ወለሉ ያዘነበለ መሆኑን ማስቀረት አልቻልንም። ስለዚህ ሞተሯን ርዝመቷ በዘንበላው አቅጣጫ እንዲሆን አዞርናት። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ትንሽ ብታዘነብል ረጅም ስለሆነች ትችለዋለች። ወደ ጎን ግን ጠባብ ናት።

ቤንዚኑን በጄሪካን ቀዳነው። ሙሉ ታንከር ከሆነ 8 ኪሎ አካባቢ ክብደት ነው፤ ያውም ከላይ የተቀመጠ ክብደት። ምድጃው ማድ ቤት ሄደ። ይሄን እኔ ሳልናገር እናቱ ቀድመው አድርገውታል።

ከዚያ ዳዶው። ሁለቱም ጎማዎች መሬት ላይ፣ ሞተሯ በጎን መቆሚያዋ፣ አንድ ሰው የፊት ፍሬን ይዞ። ዝገቱ ያን ቀን አንዴ ስለተላቀቀ አሁን አላስቸገረም፤ ወዲያው ለቀቀ። ሙሉ በሙሉ አላወጣነውም፤ በእጅ የሚዞር እስኪሆን ብቻ። ጎማው ወደ ቦታው ሲመለስም እንዲሁ ነው፦ የመጨረሻው ማጥበቅ ከወረደች በኋላ መሬት ላይ።

የፊት ፍሬኑን እጀታ ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ መሪው ላይ አሰርነው። የፊት ጎማው እንዳይንከባለል ነው። ይህቺ ካላማዳሪ ብዙ ሥራ ትሠራለች፤ ከጎሚስታ በነጻ ታገኛታለህ።

አነሳናት። ጎማዎቹ ገና ሲለቁ ቆምን። ኋላዋን በእጄ ቀስ ብዬ ጫን ለቀቅ አደረግኋት። ወደ ፊት ደፋ አለች፤ ሊፍቱ ወደ ኋላ ሄዶባታል። አውርደን ሊፍቱን ትንሽ ወደ ፊት ገፋነው። የኋላ ጎማ ልታወጣ ከሆነ ይሄ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጎማው ከነጥርሱ ሲወጣ ኋላዋ ይቀላል፣ ሚዛኑ ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኋላዋ ትንሽ እንዲከብድ አድርገህ ነው የምታስቀምጣት። ከፊት ጎማው ሥርም ጎማው ሊያርፍበት የሚችል ጣውላ ከተትን።

ማሰሪያዎቹን በግራና በቀኝ ከሻንሲው ወደ ሊፍቱ ቀለበቶች ወረድ አድርገን አሰርን። ከመሪው አይደለም፤ መሪ ይዞራል። ከፕላስቲኩም አይደለም። ሰውየው «ከላይም ከወራጁ በገመድ ብናንጠለጥላትስ?» አለ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ቤቱ ነው የማይፈቅድ። ያ ወራጅ በሚስማር የተያዘ ባሕር ዛፍ ነው። ቆርቆሮ ለመሸከም ነው የተሠራው። ሞተሯ ብትወድቅ ቆርቆሮውን ይዛ ነው የምትመጣው።

ከዚያ መቆለፊያው። ወደሚፈለገው ጥርስ እስኪደርስ አነሳን፣ መቆለፊያውን አስገባን፣ የማውረጃውን ፔዳል ቀስ ብለን ነካን። ሞተሯ ጥቂት ወርዳ ብረቱ ላይ ተቀመጠች። ሲያርፍ ድምፁ ይሰማል። ያን ጊዜ ኦሊዮው ሥራ የለውም። የማዕዘን ቡሎኖቹን ወለሉ ድረስ አጠበቅን። ከፍታው ከጉልበት በታች ነው። ሰውየው አላማረውም፤ ጎንበስ ማለት ሰለቸው። በርጩማ አመጣሁለት።

ሥራው ራሱ ብዙ ወሬ የለውም። ጎማው ወጣ፣ ጥርሱ ተቀየረ፣ ካቴናው ታሰረ፣ ጎማው ገባ።

ማውረዱ ላይ አንድ ጊዜ ተጋጨን። እሱ ማሰሪያውን ቀድሞ ሊፈታ ነበር። እኔ አልኩ፦ መጀመሪያ ከሥሯ ያለውን መሣሪያ፣ ጣውላና እጅ ሁሉ አውጣ። የጎን መቆሚያዋን ዘርጋ፤ መሬት ስትደርስ የምትደገፍበት ይኑራት። ቀጥሎ ፔዳሉን ረግጠህ ትንሽ ከፍ አድርጋት፤ ክብደት ያረፈበት መቆለፊያ በጉልበት አይወጣም፣ በመዶሻም አይመታም። መቆለፊያውን አውጣ፣ በዝግታ አውርድ። ጎማዎቹ መሬት ከነኩና አንድ ሰው መሪዋን ከያዘ በኋላ ማሰሪያውን ፍታ። ሰው መሪ መያዝ ያለበት ያን ጊዜ ነው፤ ጎማዎቿ መሬት ላይ እያሉ።

ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ወለሉን አላስተካክልም ብሏል፤ አልፈርድበትም። የመሃል መቆሚያዋን ግን በያጅ ዘንድ ሄዶ አስመልሷል፤ ድንጋይ እንዳይነካም ትንሽ ከፍ ተደርጎ ተበይዷል። ለኋላ ጎማ አሁን እሱን ነው የሚጠቀመው። ሊፍቱ የሚወጣው የፊት ጎማና የሆዷ ሥራ ሲኖር ነው።